የአንድ ጣት ርግበት

መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ እግሩ የሚያርፍበትን ፔዳል ያውቀዋል። ማርሹ ሲገባም በመዳፉ ይሰማዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ነገር ግን ካልተበጠሰበት በቀር አያስበውም። ከእግር እስከ ካምቢዮ ድረስ በመኪናይቱ ሆድ ውስጥ በጨለማ የሚጓዝ፣ ከብዙ ቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደ አንድ ገመድ አለ፤ ባለ ጋራዦች ካቮ ይሉታል። ይህ ወግ ስለዚያ ካቮና ትክል ድንጋይ ላይ ስላገናኛቸው ሦስት ሰዎች ነው።

ትክል ድንጋይ የላይ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሳንጃ፣ ከዚያም ወደ ሁመራ ቈላ የሚወርደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል። ስሟ የቆመውንና የማይነቃነቀውን ይጠራል፤ ኑሮዋ ግን ከሚያልፈው ጋር የተያያዘ ነው። ሰሊጥ ጭኖ ከቈላ የሚወጣ የጭነት መኪና፣ የቀን ሠራተኛ ሞልቶ የሚወርድ አውቶቡስ፣ ከሰፈር ሰፈር የሚሯሯጥ ባጃጅ ሁሉ መንገዷን ይጋራሉ። ዳገት የረታው መኪናም እዚያው በመንገዷ ዳር ቆሞ ሐኪሙን ይጠብቃል።

ከእነዚህ ሐኪሞች አንዱ፣ ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ጋራዥ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ የበጋ ቀን ረፋድ ላይ፣ በአካባቢው ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምር መምህር ቮልስዋገኑን በሰው እያስገፋ ወደ ግቢያቸው አስገባ። ካምቢዮው ከሰነበተ ሕመም ነበረው፤ ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ እየተፋ፣ ሁለተኛውም እየጮኸ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ዳገቱ ላይ ጨርሶ እምቢ አለ።

መኪናይቱ ከመምህሩ ዕድሜ ትበልጥ ነበር። ጀርባዋ እንደ ጥንዚዛ የጎበጠው ይህች መኪና ጀርመናዊው መሐንዲስ ፈርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ስትሆን፣ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ በዓለም ላይ 21,529,464 እኅቶች ነበሯት። በኢትዮጵያም ቮልስ ተብላ የመምህሩ፣ የሐኪሙና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው መኪና ሆና ኖራለች። ታሪክም አንድ ቀን ተሳፍሮባታል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። የትክል ድንጋዩ መምህር ግን መኪናዋን የሚወዳት ስለ ታሪኳ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ ካስተማረ በኋላ በቁጠባ የገዛት የድካሙ ፍሬ ስለ ነበረች ነው።

ሽማግሌው መኪናዋን ሲመለከቱ፣ ከአጠገቡ ከቆመ ባጃጅ ሥር ሁለት እግሮች ወጡ፤ የፕላስቲክ ጫማቸው በሽቦ ተሰፍቷል። ከዚያ ዘይት የጠጣ ሸሚዝ፣ ከዚያም ፊት። መምህሩ ፊቱን ዐወቀው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪው ነው፤ ከትምህርት ከቀረ 11 ቀን ሆኖታል። መምህሩ ራሱ ልጁ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ስሙን ለርእሰ መምህሩ አስተላልፏል፤ ውሳኔውም በሚመጣው ሰኞ ይጠበቃል።

«አንተ! ትምህርት ቤት የማትመጣው ለዚህ ኖሯል?»

ልጁ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። የመለሱለት ሽማግሌው ናቸው።

«አይቈጡት መምህር። እናቱ ከተኙ ወዲህ የቤቱ እንጀራ በዚህ ልጅ እጅ ነው። ተማር እለዋለሁ፤ ግን ሆድ ምክር አይሰማም።»

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሆኖም ሥርዐት አጥባቂ ነበር። ደወል እንደ ተደወለ የክፍሉን በር ይዘጋል፤ የዘገየ ከደጅ ይቀራል። ስለዚህ ልጅ ያለው ግምትም ከመቅረቱ በፊት የተቈረጠ ነበር። በመጨረሻው ፈተና «ሰበቃ ምን ማለት ነው? ጥቅሙንና ጉዳቱን አስረዳ» ለሚለው ጥያቄ ልጁ አንድ ቃል አልጻፈም። መምህሩም ከወረቀቱ ጫፍ ላይ በቀይ ዜሮ አስፍሮ አልፏል።

ምትክ ካምቢዮው ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ በጭነት መኪና ተልኮ እስኪደርስ አምስት ቀን ፈጀ። ሥራው ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። የሽማግሌው ወገብ ከመኪና ሥር መግባት ከተወ ቆይቷል፤ እርሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ ልጁ ይሠራል። መምህሩም ንብረቱን በዐይኑ ለመጠበቅ ያህል አጠገባቸው ቆመ።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ካምቢዮውን ለማውጣት መጀመሪያ ሞተሩን ማውረድ ያስፈልጋል። ልጁ የባትሪውን ሽቦ፣ የነዳጁን ጎማና የነዳጅ መስጫውን ክር ፈታ፤ ከዚያ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር ያያያዙትን ቡሎኖች። አራት ብቻ ናቸው። ሞተሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ በክሪኩ ላይ ወረደ። መምህሩ ይህን ያህል ዓመት የነዳት መኪና ልቧ በአራት ቡሎን ብቻ የተንጠለጠለ መሆኑን ያን ዕለት ዐወቀ። ካምቢዮውን ግን ግራና ቀኝ ከተዘረጉት የጎማ ክንዶቹ ጋር ማውጣት ከባድ ነበር፤ ከኋላ ወንበር ሥር ባለችው ትንሽ ክዳን በኩል የማርሹ ዘንግ ተፈትቶ፣ ከመንገድ የባጃጅ ነጂዎች ተጠርተው በአንድ ትንፋሽ አወረዱት።

ሞተሩ ሲወርድ ቮላኖው ላይ የተጣበቀው የፍሪሲዮን ሸራ ተገለጠ። ልጁ ፈትቶ አወጣውና ለሽማግሌው ሰጣቸው። እርሳቸውም አሸተቱት፤ ለመምህሩ አቀበሉት። ሸራው ተበልቶ እንደ ብርጭቆ አንጸባርቋል፤ የቃጠሎ ሽታ አለው።

«ካምቢዮውን ያደከመው እርጅና ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይህን ግን እርጅና አላቃጠለውም። ካቮው ከልኩ በላይ ጠብቆ ኖሯል። ማን ነው ያጠበቀው?»

መምህሩ መልስ አልሰጠም። ፔዳሉ ገና ሲነካ እንዲይዝለት ይወድ ስለ ነበር፣ ከወር ወር ከመኪናው ሥር እየገባ የካቮውን ዳዶ ሲያዞር የኖረው እርሱ ራሱ ነው።

ሥራው በቀጠለ መጠን መምህሩ አንድ ነገር ልብ አለ። ሽማግሌው «ፒንሳ» ሲሉ ልጁ ያቀብላል፤ «ካቻቢቴ» ሲሉ ያቀብላል፤ «ዳዶ»፣ «ቡሎን»፣ «ሮንዴላ»። የጣልያን ጦር በጎንደር ግንባር የመጨረሻ ምሽጉን ለቆ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ወታደሩ ሄደ፤ ቃሉ ግን በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ቀረ። አያቱ እንኳ ያንን ጦር ያላዩት ልጅ ቋንቋውን እንደ ራሱ ይናገረዋል።

«እነዚህን ቃላት ትርጉማቸውን ታውቁታላችሁ?» ሲል መምህሩ ጠየቀ።

«ጥቂቱን» አሉ ሽማግሌው። «በልጅነቴ ጎንደር ውስጥ ሥራ ያስተማረኝ ጣልያን ነበር። ካምቢዮ ማለት መለወጥ ነው፤ ፍሪሲዮን ማለት ሁለት ነገር ሲፋተግ ነው ይለኝ ነበር።»

መምህሩ የያዘውን ሸራ እንደገና ተመለከተው። ሁለት ነገር ሲፋተግ፤ ይህ እርሱ ሰሌዳ ላይ «ሰበቃ» እያለ የሚጽፈው ነው። ወደ ልጁም ዞሮ፣ ከፈተና ይልቅ እንደ ጨዋታ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ይህ ፍሪሲዮን ሥራው ምንድን ነው?» አለው።

ልጁ መጀመሪያ ሽማግሌውን፣ ቀጥሎ ሸራውን አየ። «ሸራው ከቮላኖው ጋር ሲጣበቅ ሞተሩ መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ፔዳሉ ሲረገጥ ካቮው ይስብና ያላቅቀዋል፤ ያን ጊዜ ማርሽ ይገባል። ካልተፋተገ መኪናው አይሄድም። ሳይጣበቅም ሳይላቀቅም በግማሽ ሲቆይ ግን ይንሸራተታል፣ ይሞቃል፣ እንዲህ ይቃጠላል።»

ጥቅሙም ጉዳቱም ተነገረ። በወረቀት ላይ ቢሰፍር መምህሩ ሙሉ ማርክ ይሰጠው ነበር። ልጁ ዕውቀቱን አልተነፈገም ነበር፤ ያላገኘው የሰሌዳው ቃልና የጋራዡ ቃል አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ነው። ያንን መንገር ደግሞ የማን ሥራ እንደ ነበረ መምህሩ ለማንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

በሰሌዳና በጋራዥ መካከል ያለው ይህ ርቀት የአንድ መምህርና የአንድ ተማሪ ጥፋት ብቻ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ዕቃቸው እየተፈለገ ራሳቸው ሲናቁ የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ ከዚህ ነውር እንዲመለስ ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያደረሰውም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪናው ከዐዋጁ ፈጥኖ አገር አዳረሰ፤ ዐዋጁ ወደ ሰው ልብ የሚሄድበት መንገድ ግን ከዳገት ሁሉ የባሰ ዳገት ሆነ። በጥቁር ዘይት የተነከረ እጅ ዛሬም በብዙ ወላጅና በብዙ መምህር ዐይን የውድቀት ምልክት ነው።

ከሰዓት በኋላ ምትኩ ካምቢዮ ቦታውን ያዘ። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይትም ጠጣ። የቀረው ካቮው ነበር። አሮጌው ተስቦ ሲወጣ ከክሮቹ ገሚሱ ተበጥሶ እንደ እሾህ ቆሟል። በአዲሱ ላይ ልጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግራሶ ቀባ።

ካቮ ማስገባት ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዱ ጫፉ ቀለበት አለው፤ ይህ ከፔዳሉ ሥር ባለ መንጠቆ ላይ ይውላል። ሌላው ጫፍ ጥርስ የወጣለት ዘንግ ነው፤ ይህ በወለሉ መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ በተቀበረ ቀጭን ቱቦ አልፎ፣ ከኋላ በሚተጣጠፍ ሽፋን ገብቶ፣ በካምቢዮው ጎን ካለች ክንድ ጋር ባለ ክንፍ በሆነ ዳዶ ይታሠራል። ችግሩ መንጠቆው ላይ ነው። ካቮው ካልተወጠረ በቀር ቀለበቱ ከመንጠቆው ይወድቃል፤ ፔዳሉን መልሶ እስኪያስሩት ድረስ ከኋላ የሚስበው ሰው ያስፈልጋል። ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው አይተያዩም።

ሽማግሌው ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው መምህሩን ተመለከቱ። «መምህር፣ እንግዲህ ጫፉን እርስዎ ይይዙልናል።»

መምህሩ ኮቱን አውልቆ ባሕር ዛፉ ላይ ሰቀለ። ጆንያ ተነጠፈለትና በጀርባው ከመኪናው ሥር ገባ። አቧራው ዐይኑ ውስጥ ይገባል፣ የዘይት ጠብታ ግንባሩ ላይ ያርፋል። የካቮውን ጫፍ በፒንሳ ያዘ።

«ልሳብ?» ብሎ ሲጠይቅ እጁ ላላ፤ ከፊት ቀለበቱ ወደቀ።

ሁለተኛ ሞከሩ። አሁን መምህሩ እንዳይላላ ብሎ ባለ በሌለ ኀይሉ ጎተተ። ካቮው ከልጁ ጣት አምልጦ ነጐደ፤ ከፊት «እህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የልጁ ጣት ተሰንጥቆ ደም ወጣው፤ በጨርቅ ጠቅልሎ ተመለሰ።

«በኀይል አይደለም መምህር» አለ የልጁ ድምፅ በወለሉ ውስጥ እየተንሾካሾከ። «እኔ ስስብ ይሰማዎታል። ሲሰማዎት ጥቂት ይስጡኝ፤ ከዚያ እንደያዙት ይቆዩ። አይልቀቁ፤ አይጎትቱም።»

በክፍል ውስጥ ቢሆን ተማሪ መምህሩን እንዲህ ሊያዝዝ አይችልም ነበር። ከመኪና ሥር ግን ሥርዐቱ ሌላ ነው። መምህሩ ዐይኑን ጨፍኖ በገመዱ በኩል አዳመጠ። ካቮው ስስ ንዝረት አመጣለት፤ ልጁ ቀለበቱን ሲያዞር፣ መንጠቆውን ሲፈልግ፣ ሲያገኝ በጣቱ ዐወቀ። ጥቂት ሰጠው። ገመዱ ቆመ። ከፊት የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፤ ፔዳሉ ታሠረ። «ያዘ!» አለ ልጁ። ያን ጊዜ መምህሩ ሲስቅ ሽማግሌው ሰሙት።

በሽፋን ውስጥ የሚሳብ እንዲህ ያለ ገመድ በሠሪው ስም ቦውደን ይባላል፤ ኧርነስት ቦውደን የፈጠራ መብቱን እንግሊዝ አገር ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1896፣ ማለትም የዐድዋ ድል በተገኘበት ዓመት ነው። የብልሃቱ ምሥጢር ገመዱ ብቻ አይደለም፤ ሽፋኑም ነው። ሽፋኑ ሁለት ጫፉ ጸንቶ ካልቆመ ገመዱ አይስብም። በቮልስ ላይ ደግሞ ሽፋኑ ቀጥ ብሎ እንዲወጠር አይፈለግም፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ወደ ታች ረግቦ መቆልመም አለበት። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ የተቀመጡ ስለሆኑ መኪናው ሲነሣ ይወዛወዛሉ። ሽፋኑ ቀጥ ካለ ያ ውዝዋዜ ካቮውን እየሳበ እየለቀቀ መኪናውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከልኩ በላይ ከተቆለመመም ካቮው ይፋተግና ቶሎ ያልቃል።

ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ለክተው «ያንሳል» አሉ። መምህሩ ከቦርሳው ማስመሪያ አወጣና ለካ፤ 15 ሚሊሜትር ነበር። ልጁ ከሽፋኑ ጫፍ ላይ ሮንዴላ ጨመረ፤ አንድ፣ ከዚያም ሌላ። ሽማግሌው እንደገና ለክተው «በቃ» አሉ። ማስመሪያው 30 አሳየ። አውራ ጣቱና ማስመሪያው ተስማሙ።

የመጨረሻው ሥራ ባለ ክንፉን ዳዶ ማዞር ነው። ልጁ አዙሮ አቆመ። መምህሩ ፔዳሉን በእጁ ቢገፋው ምንም ሳይዝ ጥቂት ሄደ። የለመደው አልነበረም።

«ላላ ያለ አይደለም? ትንሽ አጥብቀው» አለ።

ልጁ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው ግን «እኔን ምን ታየኛለህ? አንተ ንገራቸው» አሉት።

«መምህር፣ ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ሳይዝ መሄድ አለበት፤ የአንድ ጣት ያህል። ያ ርግበት ከሌለ ኩሽኔታው ሁልጊዜ ይነካል፣ ሸራው ተላቆ በግማሽ ይቀራል። ከዚያ ያው ይቃጠላል።» ጥቂት አመንትቶም ቀጠለ። «ደግሞ ሸራው ባለቀ ቁጥር ርግበቱ ራሱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናው በቆየ ቁጥር ማላላት ነው እንጂ ማጥበቅ አይደለም።»

መምህሩ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየበትን ሥራ፣ ደወሉን፣ በሩንና ለርእሰ መምህሩ የላከውን ዝርዝር አሰበ። «እንዳለ ይሁን» አለ።

አመሻሽ ላይ ሞተሩ ተነሣ። ሽማግሌው መጀመሪያ የጠየቁት የኋላ ማርሹን ነው፤ ፍሪሲዮኑ በደንብ ካልተላቀቀ ቀድሞ የሚጮኸው እርሱ ነውና። መምህሩ ፔዳሉን ረገጠ፣ ዘንጉን ወደ ታች ተጭኖ ወደ ኋላ ሳበ። ማርሹ ያለ ድምፅ ገባ። ከዚያ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ መንገዱ ወጣ። ዳገቱ መካከል ላይ ሆን ብሎ አቆማት፤ የእጅ ፍሬን ያዘ። እንደገና አስነሣ። ቮልሷ አልተንቀጠቀጠችም፤ ዳገቱን ወደ ላይ ያዘችው። ሁለቱም አልተነጋገሩም።

ሲመለሱ መምህሩ የድካሙን ከፈለና የተቃጠለውን ሸራ እንዲሰጡት ጠየቀ። ሽማግሌው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ሳይጠይቁ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡት።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ ከርእሰ መምህሩ ቢሮ ብዙ ቆየ። የልጁ ስም ከሚሰረዙት ዝርዝር ወጥቶ ከከሰዓት ፈረቃ ወደ ጠዋት ፈረቃ ተዛወረ፤ ከቀትር በኋላ ጋራዥ ይውላል። የእናቱ ሕመም በዚህ አልዳነም፤ የቤቱም ችግር አልተቃለለም። ግን ሁለቱ ጫፎች ተያያዙ።

ማክሰኞ ደወሉ ተደወለ። መምህሩ ሸራውን ከጋዜጣው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰሌዳው ላይ «ሰበቃ» ብሎ ጻፈ፤ ከጎኑም «ፍሪሲዮን»። ተማሪዎቹ በሩ አለመዘጋቱን አይተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ጣቱን በጨርቅ እንደ ጠቀለለ እየሮጠ ደረሰና ደጃፉ ላይ ቆመ። መምህሩ ለምን ዘገየህ አላለውም። ጠመኔውን ዘርግቶ ሰጠውና ራሱ ከኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ።